ከክሩ የራቀችው ፍሬ

የተያዝኩት በሜትር ነው። ልብስ ሰፊዎች አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት ዓይነት፣ ጫፉ የተበላ ቢጫ ሜትር። ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በምትሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ። ፍተሻው ጋ ሁላችንንም አስወረዱን። ቦርሳዬ ሲከፈት ሜትሩ፣ አንድ ወፍራም ደብተርና አንድ ቀይ እስክሪብቶ ወጡ። ፈታሹ ሜትሩን ዘርግቶ አየውና መልሶ ጠቀለለው።

«ልብስ ሰፊ ነህ?»

«መምህር ነኝ። ስታትስቲክስ ነው የማስተምረው።»

«ታዲያ በዚህ ምን ትለካለህ?»

«ዛፍ።»

እውነቱን ነበር የተናገርኩት። ግን አገሩ ጸጥታ ባጣበት በዚያ ሰሞን በየገጠሩ እየዞሩ ዛፍ መለካትና የገበሬ ስም መመዝገብ ለፈታሽ በደስታ የሚነገር ሥራ አልነበረም። ሚኒባሷ እኔን ትታ ሄደች። ረዳቱ በሩን ሲዘጋ ወደ እኔ ላለማየት ሲታገል ትዝ ይለኛል።

ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። ማዳበሪያው ከወጣ ቆይቷል፤ ሽታው ግን ግድግዳው ውስጥ ቀርቶ ዓይን ይቆጠቁጣል። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ከጣሪያው ሥር ወንፊት ሽቦ የተመታባት አንዲት መስኮት አለች፤ ከእሷ የሚገባው ብርሃን ጧት ከግራው ግድግዳ ተነሥቶ ማታ በሩ ጋ ይደርሳል። ስምንት ሰዎች ነበሩ፣ በእኔ ዘጠኝ ሆንን። አዲስ ገቢ የሚተኛው በሩ ሥር ነው። በበሩ ሥር የሚገባው ብርድ የዳንግላ ብርድ ነው፤ ወገብ ያውቃል። አንድ የባጃጅ ሾፌር ጋቢውን ግማሽ ለቀቀልኝና፣ «ቀጥሎ ሰው እስኪመጣ ነው፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ትገባለህ፤ እድገት ነው» አለኝ።

ስለ ሥራዬ ትንሽ ካልተናገርኩ የሚቀጥለው አይገባም። በአዊ ገጠር ዲከረንስ የሚባለውን የከሰል ዛፍ የማይተክል ገበሬ ማግኘት ከባድ ነው። ችግኙ በአራት በአምስት ዓመቱ ተቆርጦ ከሰል ይሆናል፤ ማሳውም ተመልሶ ጤፍ ይዘራበታል። እኔ ማወቅ የፈለግኩት ቀላል ነገር ነበር፦ የዛፉን ዕድሜ ቢነግሩኝ ውፍረቱን መገመት እችላለሁ ወይ? ይህን የሚመልሰው ስልት ሪግሬሽን ይባላል። አርባ ማሳ ዞሬ የዛፎቹን ዙሪያ በደረት ቁመት ላይ ለካሁ፤ ዕድሜያቸውን ከባለቤቶቹ ጠየቅኩ። እያንዳንዱን ማሳ አንድ ነጥብ አድርጌ ወረቀት ላይ አስቀመጥኩና በነጥቦቹ መካከል አንድ መስመር አሰመርኩ። ሠላሳ ዘጠኙ ከመስመሩ ብዙም አልራቁም። አሥራ ሰባተኛው ማሳ ግን አምስት ዓመቱ ነው ተብሎ ውፍረቱ የሦስት ዓመት ዛፍ ሆነና ለብቻው ታች ቀረ።

ተመልሼ መጠየቅ ነበረብኝ። መንገዱ እያደር ከፍቶ ነበር፤ ስንፍናም ነበረበት። የባለማሳውን ስም በቀይ ከበብኩና ጎኑ ላይ አንድ ቃል ጻፍኩ፦ አፈንጋጭ። በእኛ ሙያ ከሌሎቹ የራቀ ቁጥር ማለት ነው፤ ከስሌቱ ላወጣው ነበር። የቃሉን ሌላ ትርጉም አማርኛ የሚሰማ ሁሉ ያውቀዋል። ቢሮዬ ውስጥ ተቀምጬ ስጽፈው ግን ትዝ አላለኝም።

በማግስቱ ጠሩኝ። ጠያቂዬ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ፣ ድምፁን የማያነሳ ሰው ነበር። ደብተሬን ገጽ በገጽ ሲገልጥ ቆይቶ ቀዩ ክብ ላይ ጣቱን አሳረፈ።

«እዚህ አርባ ስም አለ። ቀይ የተደረገው አንድ ነው። ለምን?»

«ከመስመር ስለወጣ ነው።»

«ከየትኛው መስመር?»

ምነው አፌን በቆረጠው። ነጥብ ስል፣ አማካይ ስል፣ ርቀት ስል ቆየሁ። ተማሪዎቼ እንኳ በአንድ ሴሚስተር የማይገባቸውን ነገር በፍርሃት እየተንተባተብኩ በአሥር ደቂቃ ላስረዳው ሞከርኩ። ሳያቋርጠኝ አዳመጠኝ።

«ቁጥር አያፈነግጥም። የሚያፈነግጥ ሰው ነው» አለ። «ደግሞ የጻፍከው በአማርኛ ነው።»

በቋንቋው በኩል ልከራከረው አልቻልኩም።

«ሰውዬውን ታውቀዋለህ?»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። አውቃቸዋለሁ። አሥራ ሰባተኛው ማሳ የአንድ ሽማግሌ ነው፤ ለብቻቸው የሚኖሩ፣ ትንሽ የሚያነክሱ። የለካሁ ዕለት ዝናብ ይዞኝ ቤታቸው አስገብተውኝ፣ ሸሚዜን እሳት ዳር አስጥተው፣ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ አብልተውኛል። ስሄድ የቀረውን ድንች በጋዜጣ ጠቅልለው ቦርሳዬ ውስጥ ከተውልኛል። ይህን ብናገር አንድ ሰው ሌላ ሰውን አበላ ከማለት በላይ የሚያስጠይቅ ነገር አልነበረበትም። እኔ ግን «አውቃቸዋለሁ» ባልኩ ቁጥር ከክቡ ጋር አብረው የሚያስሩኝ መሰለኝ።

«አላውቀውም» አልኩ።

«አላውቃቸውም» እንኳ አላልኩም። ክብሩንም አብሬ ጣልኩት። ጻፈው፣ አስነበበኝ፣ ፈረምኩ። እሳቸውን ለመጠበቅ ብዬ ነው እያልኩ ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ። ውሸት ነው። የጠበቅኩት ራሴን ነው።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በሩ ተከፈተና ሽማግሌው ገቡ። ጋቢያቸውን ደርበዋል፣ ጫማቸው ላይ የማሳ ጭቃ አለ። ዓይናቸው ጨለማውን እስኪለምድ ቆሙ። ከዚያ አዩኝ።

«የዛፉ መምህር! አንተም እዚህ ነህ?» አሉ። በዚያ ክፍል ውስጥ የሚያውቁት ሰው በማግኘታቸው ፊታቸው በራ። ጎንበስ ብለው ትከሻዬን ሳሙኝ። «ምን አጠፋህ ልጄ?»

«እኔም አላወቅኩ አባባ» አልኩ።

በክፍሉ ደንብ የበሩ ሥር የእሳቸው ነበር፤ እኔ ወደ ውስጥ መግባቴ ነው። እንደ ልጅ ያን የውስጥ ቦታ ልለቅላቸው ይገባኝ ነበር። ግን ይዤው ተቀመጥኩ፤ ለምን እንደሆነ ዛሬም አልገባኝም። የባጃጅ ሾፌሩ ተነሥቶ፣ «ኧረ አባባ ወደ ውስጥ ይለፉ» ብሎ የራሱን ቦታ ሰጣቸውና በሩ ሥር ተኛ። ሽማግሌው ከአንድ የፋግታ ሰው ጋር በአገውኛ ማውራት ጀመሩ። እኔ ቋንቋውን አልሰማም፤ «መምህር» የምትለዋን ቃል ብቻ እየለየሁ ምን እንደሚባልብኝ ስገምት አመሸሁ።

በአራተኛው ቀን ጧት ለጥያቄ ወሰዷቸውና እኩለ ቀን ሳይሆን መለሷቸው። የመታቸው አልነበረም። ደክሟቸው ነበር፤ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። ምሳ ሰዓት ላይ ትዳር ይዛ የወጣች ልጃቸው ያመጣችላቸው ስንቅ ገባ። ጠባቂው እያንዳንዱን ድንች በእንጨት ለሁለት ሰንጥቆ ፈትሾታል። የገብስ ቆሎ ግን ምኑን ይሰንጥቀው፤ እንዳለ ገባ። ሽማግሌው ሁላችንንም በጭብጥ በጭብጥ አዳረሱን። የእኔ ከሌላው አላነሰም።

እየቆረጠሙ ወደ እኔ ዞሩ።

«ያ የለካኸው ዛፍ ምን ሆነ? ለክተህ ሄድህ፤ ምን አገኘህ?»

አርባ ገበሬ ስዞር ውጤቱን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። የጠየቁኝ እሳቸው ናቸው፤ እዚያ፣ በእኔ ምክንያት በገቡበት ክፍል ውስጥ። ሌላ የምሰጣቸው ነገር አልነበረኝም። ቆሎዬን ወለሉ ላይ አፈሰስኩት።

«እያንዳንዷ ፍሬ የአንድ ሰው ማሳ ናት» አልኩ። «ወደ በሩ በሄድን ቁጥር ዕድሜ ይጨምራል፤ ወደ ግድግዳው በሄድን ቁጥር ውፍረት ይጨምራል።» ሃያ ያህል ፍሬ ደረደርኩ። ከበሩ የራቁት ወለሉ መሃል፣ ወደ በሩ የቀረቡት ወደ ግድግዳው ጠጋ ብለው፣ ሰያፍ ሆነው ተዘረጉ። «አሁን በመካከላቸው የምታልፍ አንዲት መስመር እንፈልጋለን።»

ሽማግሌው ከጋቢያቸው ዘርፍ አንድ ክር መዘዙና ሰጡኝ። የፋግታው ሰው አንዱን ጫፍ ያዘ፣ እኔ ሌላውን ያዝኩ።

«ሁሉም ፍሬ ክሩን ወደ ራሱ ይጎትታል። የቀረበው በትንሹ ነው የሚጎትተው። የራቀው ግን ርቀቱ በራሱ እየተባዛ ይቆጠርለታል፤ ሁለት ጣት የራቀው አራት፣ ሦስት ጣት የራቀው ዘጠኝ። የሁሉም ድምር ከየትኛውም ቦታ የሚያንስበት አንድ ቦታ አለ። ክሩ እዚያ ያርፋል። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ዛፌ አራት ዓመቱ ነው ቢለኝ፣ ሳላየው፣ ከክሩ ላይ ውፍረቱን እገምታለሁ።»

«ለምን እንደወፈረስ ይነግርሃል?» አለ የባጃጅ ሾፌሩ።

«አይነግረኝም። ስንት እንደሆነ እንጂ ለምን እንደሆነ አይልም።»

«እንግዲያ ለምኑን ማን ይጠይቅ?» አሉ ሽማግሌው፣ ለማንም እንዳልተናገሩ ሆነው። ቀጥሎ ጎንበስ ብለው ፍሬዎቹን አዩ። «የእኔ የትኛዋ ናት?»

ከእጄ አንዲት ፍሬ አወጣሁና ከሌሎቹ ራቅ አድርጌ፣ ከክሩ ወደ ወለሉ መሃል፣ ለብቻዋ አስቀመጥኳት። ክር የያዘው የፋግታ ሰው እጁን ዝቅ አደረገ።

«እንዲህ ለብቻዋ የሆነችውን ምን ትሏታላችሁ?»

ልዋሽ እችል ነበር። ሌላ ቃል አይጠፋም። ግን ጠያቂዬ ቃሉን አስቀድሞ እንዳነሳባቸው ጠርጥሬ ነበር።

«አፈንጋጭ» አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። «ጧት የማን አፈንጋጭ ነህ ሲሉኝ ያረፈዱት ይቺን ነው?»

«ይቺን ነው አባባ። የጻፍኳት እኔ ነኝ። ለዛፍዎ ነበር የጻፍኳት፤ ለእርስዎ ሆነች።»

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» አለ ከጥግ አንድ ሰው። የባጃጅ ሾፌሩ ነገሩን ሊያቀልልኝ ብሎ፣ «እኔም ከመስመር ውጭ ስጭን ተይዤ አውቃለሁ፤ እኔን ግን በቅጣት ወረቀት ነው የለቀቁኝ» አለ። ሽማግሌው ብቻ ሳቁ።

«ዛፌ አምስት ዓመት ነው። ለምን እንዳነሰ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«መጀመሪያ ስንተክል ጉድጓዱን እኔ እቆፍራለሁ፣ ችግኙን ባለቤቴ ታስገባለች። በዓመቱ እሷ ዐረፈች። በሁለተኛው ዓመት ከጎረቤት የከሰል ክምር እሳት አመለጠና ማሳውን በላው። ብቻዬን ደግሜ ተከልሁት። አንተ ዕድሜው ስንት ነው ስትለኝ አምስት አልሁህ። እኔ ከእሷ ነው እምቆጥረው።»

«ይህን አልነገሩኝም።»

«አንተ መች ጠየቅኸኝ። ሚኒባስ ታመልጠኛለች ብለህ ሜትርህን ጠቅልለህ ሮጥህ።»

አፈርኩ። ሐፍረቱ ግን እፎይታም ነበረበት፤ ምክንያቱ ተገኝቷላ። እንደ መምህር ፈጥኜ፣ «ስወጣ ደብተሬ ላይ ሦስት ብዬ አስተካክለዋለሁ። ያኔ ክሩ ላይ ልክ ይመጣሉ» አልኳቸው፣ ፍሬዋንም ወደ ክሩ ልገፋት እጄን ሰነዘርኩ።

እጄን ያዙኝ። «የለም፤ አምስት ነው። ለክርህ ስትል እሷን አታውጣብኝ።»

ትምህርቱ በዚያው አበቃ። የራበው ሰው ብዙ ስለነበር ማሳዎቹ አንድ በአንድ ተቆረጠሙ። ያቺን አንዷን ፍሬ ግን ማንም አልነካትም። ስለ ቃሉ በመንገሬ በዚያ ቀን እንደ ታማኝ ሰው ቆጠሩኝ፤ እኔም መቆጠሩን ዝም ብዬ ተቀበልኩ። ስህተቴን ነገርኳቸው፤ ጥፋቴን ግን አልነገርኳቸውም። «አላውቀውም» ብዬ መፈረሜን ደበቅኩ።

በስድስተኛው ቀን ዋስ ተገኘልኝና ተጠራሁ። ጠያቂዬ መነጽሩን እያጠለቀ፣ «ቃልህ ላይ የምትጨምረው አለ?» አለኝ። አለ። እሳቸውን አውቃቸዋለሁ፣ ደግ ገበሬ ናቸው፣ ቀዩ ክብ የእኔ ስንፍና ነው ማለት ነበረብኝ።

«ከተጨመረ ግን እንደገና ከመጀመሪያው ነው የሚጻፈው፤ ሳምንት ሁለት ሳምንት ይወስዳል» አለ፣ ቅሬታ ሳይሰማው፣ የሥራውን ሁኔታ ሊያስረዳኝ ብቻ።

«የለኝም» አልኩ።

ዕቃዬን ልወስድ ስመለስ ሽማግሌው ብድግ አሉ። ያቺን ፍሬ ከወለሉ አንስተው በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው መዳፌ ላይ አኖሯትና ጣቶቼን አጠፉልኝ። «ባለሁበት ጻፈኝ። አምስት ብለህ» አሉ። ጠባቂው እየጠበቀ ነበር። ወጣሁ።

እሳቸው ከሁለት ወር በላይ ቆይተው መፈታታቸውን የሰማሁት እንጅባራ መናኸሪያ አጠገብ ካገኘሁት ከባጃጅ ሾፌሩ ነው። «ጤፍ ሳይዘሩ ወቅቱ አለፋቸው» አለኝ። ላያቸው እሄዳለሁ አልኩ። ሳልሄድ ዓመት አለፈ። መንገድ ነው፣ ፈተና ነው፣ ዝናብ ነው እያልኩ።

አሁንም የማስተምረው ይህንኑ ነው። ነጥቦቹ ሰሌዳው ላይ ሲወጡ ሁልጊዜ አንድ ተማሪ ይነሣና፣ «መምህር፣ ያቺን አንዷን እናውጣትና መስመሩ ያምራል» ይላል። «ባለቤቷን ጠይቃችኋል?» እላለሁ። ቀልድ ይመስላቸውና ይስቃሉ። አፈንጋጭ የሚለውን ቃል ክፍል ውስጥ መጠቀም ትቻለሁ፤ ሩቅ ነጥብ ነው የምለው። በጥናቴ ላይም አሥራ ሰባተኛው ማሳ በአምስት ዓመቱ አለ፤ ከሥሩ ስለ እሳቱና ስለ ሁለተኛው ተከላ ሁለት መስመር ጽፌበታለሁ። ስለ ፊርማዬ የተጻፈ ነገር የለም።

ዘንድሮ ሄድኩ። ሽማግሌው ማሳቸው ዳር የተቆረጠ ዲከረንስ እየከመሩ አገኘኋቸው። እንደ ድሮው ትከሻዬን ሳሙኝ፣ ስለ መንገዱ ጠየቁኝ። እንጨት አንስቼ አብሬያቸው መከመር ጀመርኩ። የመጣሁበትን ነገር ፊት ለፊት እያየኋቸው መናገር አልቻልኩም፤ እንጨቱን እያየሁ ተናገርኩ።

«አባባ፣ ያኔ ያልነገርኩዎ ነገር አለ። ታውቀዋለህ ሲሉኝ አላውቀውም ብያለሁ። ፈርሜያለሁም።»

የያዙትን ግንድ አስተካክለው አስቀመጡ። «ዐውቃለሁ» አሉ።

«ከማን ሰሙ?»

«አነበቡልኛ። በገባሁ ማግስት፣ ጧት። 'አላውቀውም' ብሏል አሉኝ። 'አላውቃቸውም' እንኳ አላልህም።»

በገቡ ማግስት ጧት። ቆሎውን ያዳረሱን፣ ከጋቢያቸው ክር መዘው የሰጡኝ፣ የዚያኑ ዕለት ምሳ ሰዓት ላይ ነው። እየወጣሁ ፍሬዋን መዳፌ ላይ ያኖሯት ከዚያ ወዲህ ነው። የምደብቃቸውን ነገር እያወቁ ስደብቃቸው ሲያዩኝ ሰንብተዋል።

«ታዲያ ያን ቀን ለምን ዝም አሉኝ?»

«አንተ መች ጠየቅኸኝ።»

በአማርኛ ጥያቄም ይጠየቃል፣ ይቅርታም ይጠየቃል፤ ቃሉ አንድ ነው። ሁለቱንም ሳልጠይቃቸው ከቤታቸውም ከክፍሉም ወጥቻለሁ።

«አሁን ልጠይቅዎ» አልኩ።

እጃቸውን አራግፈው ከክምሩ አጠገብ የተጋደመው ግንድ ላይ ተቀመጡ። ቀጥሎ ትንሽ ጠጋ ብለው በጎናቸው ቦታ ለቀቁልኝ።

«ጠይቃ» አሉኝ።